የሰው ልጅ ታሪክ በሁለት ደቂቃ፦ ቅንብር ፊልሞችን ስንመለከት ልናስተውላቸው የሚገቡ ነገሮች



በዚህ ዘመን ከስልክ ወደ ስልክ ከሚተላለፉ ነገሮች አንዱ «የሰው ልጅ ታሪክ» የሚል ወይም ተመሳሳይ ርዕስ ያለው አጭር ፊልም ነው። ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። መጀመሪያ ጨለማ ይሆናል፤ ከዚያ ታላቅ ብርሃን ይፈነዳል፤ ከዚያ ከዋክብት፣ ባሕር፣ ዓሣ፣ ዳይኖሰር ይከታተላሉ። ዝንጀሮ የሚመስል ፍጡር ቀና ብሎ ይቆማል፤ እሳት ይነዳል፤ ፒራሚድ ይሠራል፤ መስቀል ለቅጽበት ይታያል፤ ጦር ሜዳ፣ ባቡር፣ የአቶም ቦምብ፣ በጨረቃ ላይ የቆመ ሰው ይከተላል። ሙዚቃው ከፍ እያለ ሄዶ በድንገት ጸጥ ይላል። ሁለት ደቂቃ አልፏል። ተመልካቹ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ የተቀመጠ ወጣት ከሆነ፣ ከሚሴ መናኸሪያ ሳይደርስ የፍጥረትን ታሪክ ሁሉ ያየ ይመስለዋል።

ታዲያ ምን አየ? ያየው የሰው ልጅ ታሪክ ነው ወይስ አንድ ሰው ከሰው ልጅ ታሪክ ላይ ቆርጦ የቀጠለው? በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንን ጥያቄ ነው። ጥያቄው የፊልም ባለሙያዎችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ልጆቻችን «እኔ ማን ነኝ? ጎረቤቴስ ማን ነው?» ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ የሚቀበሉት ከዚህ ዓይነቱ ፊልም እየሆነ ስለመጣ እኛንም ይመለከተናል።

ቅንብር ፊልም እንዴት ይሠራል?

እነዚህን ፊልሞች የሚሠሩት አብዛኛውን ጊዜ ትልልቅ ድርጅቶች አይደሉም። ፊልም የሚወዱ ግለሰቦች ቤታቸው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው ይሠሯቸዋል። ካሜራ ይዘው አይወጡም። ሌሎች ከሠሯቸው ፊልሞች፣ ከዜናዎችና ከዘጋቢ ፊልሞች ቁራጭ ቁራጭ ወስደው፣ ሙዚቃ አስገብተው፣ በአዲስ ቅደም ተከተል ይሰፏቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ መጀመሪያ አንድ አሜሪካዊ ተማሪ በዚህ መንገድ ያቀናበረው የሁለት ደቂቃ ፊልም ዓለምን ዞሯል። ጆን ቦስዌል የተባለው ሌላው አሜሪካዊ ደግሞ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሳይንቲስቶችን ንግግር እየቆረጠ በሙዚቃ በማቀናበር ታወቀ። በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው የአሥር ደቂቃ ያህል ፊልም የአጽናፈ ዓለሙን ዕድሜ በሙሉ አሳይቷል። በዚያ ፊልም አንዱ ሰከንድ 22 ሚሊዮን ዓመት ነው።

እስቲ ይህንን እናስላ። ሳይንቲስቶች ለእኛ ዓይነቱ ሰው የሚሰጡት ዕድሜ 300 ሺህ ዓመት ያህል ነው። በዚህ መለኪያ የሰው ልጅ ታሪክ በሙሉ የአንድ ሰከንድ ሰባኛ ክፍል ያህል ብቻ ይሆናል፤ ከዐይን ጥቅሻ ያነሰ ማለት ነው። አዳም፣ አብርሃም፣ የአክሱም ነገሥታት፣ አያቶቻችሁ፣ እናንተም ጭምር በአንድ ጥቅሻ ታልፋላችሁ። ፊልሙ «ሰው ከንቱ ነው» የሚል አንድም ቃል መናገር አያስፈልገውም። መለኪያውን በመምረጡ ብቻ ተናግሮታል።

መጠኑ ብቻ ሳይሆን ምርጫውም ይናገራል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 24 ቀን 2010 በዓለም ዙሪያ ያሉ ሰዎች ያን ዕለት የዋሉበትን ቀርጸው በዩቲዩብ እንዲልኩ ተጋብዘው ነበር። ከ192 አገሮች 80 ሺህ ያህል ቪዲዮዎች መጡ፤ ጠቅላላ ርዝመታቸው 4,500 ሰዓት ነበር። ዳይሬክተሩ ኬቪን ማክዶናልድና ባልደረቦቹ ከዚህ ሁሉ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ርዝመት ያለው ፊልም አወጡ። የአንድ ቀን ታሪክ እንኳ ለፊልም ሲመረጥ ከእያንዳንዱ ሺህ ደቂቃ አንድ ሙሉ ደቂቃ አልተረፈም። የአንድ ቀኑ እንዲህ ከሆነ የሺህ ዓመታቱማ ምን ያህል ይቆረጥ ይሆን? መቁረጥ በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ማንም ተራኪ ሳይመርጥ አይተርክም። ነገር ግን የመረጠ ሰው መኖሩን ረስተን ስንመለከት፣ የእርሱን ምርጫ እንደ እውነት ሁሉ ድምር እንቀበለዋለን።

አንድ ምሽት የታየ ፊልም

ይህ ለኢትዮጵያውያን አዲስ ነገር አይደለም። የፊልም ቅንብር ምን ያህል ኃይል እንዳለው እኛም ተምረናል። የተማርንበትም ጉዳይ የወሎ ሕዝብ ሥቃይ ነበር።

በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ወሎ ውስጥ ያየውን ረሃብ በአገሩ ቴሌቪዥን አሳየ። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ረሃቡን ደብቆት ስለነበር ፊልሙ ዓለምን አስደነገጠ። ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. በአዲስ ዓመት ምሽት፣ ያው ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። ይሁን እንጂ እንደ ቀድሞው ሆኖ አልታየም። በረሃብተኞቹ ምስል መካከል የቤተ መንግሥት ድግስና ለውሾች ሥጋ ሲሰጥ የሚያሳዩ ምስሎች ተሰክተውበት ነበር። በማግስቱ መስከረም 2 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወርደው በትንሿ ቮልስዋገን ከቤተ መንግሥት ተወሰዱ።

በዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ረሃቡ እውነት ነበር፤ ሕዝብ አልቋል። ድግሱም እውነት ነበር። ከቁራጮቹ አንዱም ውሸት አልነበረም። ነገር ግን የሞተ ሕፃንና የጠገበ ውሻ ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ ከሁለቱ ምስሎች አንዱም ብቻውን ያልተናገረው ሦስተኛ ነገር በተመልካቹ ልብ ውስጥ ተወለደ፤ ቁጣ። ቁጣው ምክንያት አልነበረውም ልንል አንችልም። ሆኖም ቁጣው የት እንደሚያመራ ፊልሙ አላሳየም። ከሁለት ወር በኋላ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ወደ 60 የሚጠጉ ባለሥልጣናት ያለ ፍርድ ተገደሉ፤ ከዚያም በኋላ ቤተ ክርስቲያናችን ጭምር የታሰረችበትና የተሰደደችበት ዘመን መጣ። ያን ምሽት ያለቀሱ ሰዎች ከፊልሙ በኋላ የሚመጣውን አላዩም።

ከቦርከና በታች የተገኘችው ድንቅነሽ

የሚገርመው በዚያው ወር፣ ከግድያው በማግስቱ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረው የአፋር በረሃ ሀዳር በሚባል ሥፍራ፣ ዶናልድ ጆሃንሰንና ተማሪው ቶም ግሬይ አንድ አጥንት አዩ። እኛ «ድንቅነሽ» ዓለም «ሉሲ» የሚላት እርስዋ ናት። ዛሬ «የሰው ልጅ ታሪክ» በሚሉ ቅንብሮች ውስጥ የእርስዋ ምስል ብዙ ጊዜ አይጠፋም።

ሀዳር ለከሚሴ ሰው ሩቅ አገር አይደለም። የቦርከና ወንዝ ከደሴና ከኮምቦልቻ ተራሮች ወርዶ፣ በከሚሴ አጠገብ የጨፋን ረግረግ አጠጥቶ ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ወደ ሰሜን ታጥፎ በሀዳር በኩል ያልፋል። የዞኑ የባቲ ከተማም ወደ አፋር መውጫ በር ናት። ስለዚህ የአካባቢው ልጅ በፊልሙ ላይ የሚያየው ምድር፣ እርሱ ከብት ያጠጣበት ውሃ የሚወርድበት ምድር ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ለወጣቶቻችን ስንናገር በእውነት ልንናገር ይገባል። ከድንቅነሽ የተገኘው አጥንት ከሙሉ አፅሟ 40 ከመቶ ያህሉ ነው፤ ይህም በእንዲህ ያለ ግኝት ብዙ የሚባል ነው። ተመራማሪዎች ዕድሜዋን 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው የሚሉት በአፈሩ ውስጥ ባለው የእሳተ ገሞራ አመድ የሚገኘውን አርጎን የተባለ ጋዝ ለክተው ነው። ይህ ከባድና ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ለሥራው ከተሰለፉትም መካከል እንደ ዶክተር ብርሃኔ አስፋውና እንደ ፕሮፌሰር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ያሉ የአገራችን ልጆች አሉ። ልንሳለቅበት አይገባም። በፊልሙ ላይ የምናየው ፊት፣ ጠጉር፣ አተያይና ፈገግታ ግን በአጥንቱ ላይ የለም። አጥንቱ የተገኘ ነው፤ ፊቱ የሠዓሊ ግምት ነው። ፊልሙ ሁለቱን ሳይለይ በአንድ ሰከንድ ያሳልፋቸዋል፤ ሙዚየም ውስጥ ግን ሁለቱ ተለይተው ሊጻፉ ይችላሉ።

በዘፍጥረት አንድ ላይ ያሉትን ቀናት በተመለከተ በወንጌል አማኞች መካከል የተለያየ መረዳት አለ። አንዳንዶች የ24 ሰዓት ቀን ናቸው ይላሉ፤ ሌሎች ረጅም ዘመናትን ያመለክታሉ ይላሉ። ሁላችንም በአንድ ልብ የምንመሰክረው ግን እግዚአብሔር ፈጣሪ መሆኑን፣ ሰውም በእርሱ መልክ መፈጠሩን ነው (ዘፍ. 1፥26-27)። አጥንት የሰውን ቁመትና አረማመድ ሊነግረን ይችላል። ሰው ለምን እንደሚከበር፣ የድሃው ነፍስ ለምን ከንጉሡ ነፍስ እንደማታንስ አጥንት አይነግረንም። ይህንን ጥያቄ ሁለት ደቂቃ ፊልም መልሶልኛል የሚል ወጣት ካለ፣ ፊልሙ ካልመለሰው ጥያቄ ላይ ዘልሎ አልፏል ማለት ነው።

ልትሞት ነው የተባለችው ልጅ

በዓለም ቅንብሮች ውስጥ የእኛ አገር ሁለተኛ ምስል ረሃብ ነው። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ጋዜጠኛው ማይክል በርክና ኬንያዊው ካሜራ ባለሙያ ሞሐመድ አሚን፣ ያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም የቀረጹት ዘገባ በቢቢሲ ቀረበ። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደንና በፊላደልፊያ በተደረገው «ላይቭ ኤይድ» በተባለው ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት ላይ ደግሞ፣ የካናዳ ቴሌቪዥን በአገራችን ከቀረጻቸው ምስሎች የተቀናበረ አጭር ፊልም በዘፈን ታጅቦ ታየ። በዚያ ፊልም ውስጥ ልትሞት ነው የተባለች የትግራይ ሕፃን ነበረች። ብዙ ሰዎች እርስዋን አይተው እጃቸውን ዘረጉ፤ ስለዚህም ቅንብር መልካም ሥራ ሊሠራ እንደሚችል መመስከር ይገባናል።

ነገር ግን ፊልሙ የቆመው በልጅቱ ጭንቅ ላይ ነው። ፊልሙን ብቻ ያየ ሰው ሞታለች ብሎ ይሄዳል። እርስዋ ግን አልሞተችም። ብርሃን ወልዱ አደገች፣ ተማረች፣ ሰኔ 25 ቀን 1997 ዓ.ም. በለንደን ሃይድ ፓርክ «ላይቭ ኤይት» በተባለው ዝግጅት መድረክ ላይ ቆማ በዓለም ፊት ታየች። ያን ቀን ለሕዝቡ የታየው መጀመሪያ የድሮው ቁራጭ ነበር፤ ከዚያ ልጅቱ ራስዋ በሕይወት ወጣች።

ወገኖቼ፣ ቁራጭ ፊልም ሰውን በአንድ ቀኑ ያስራል። የረሃቡን ቀን የቆረጠ ሰው የወሎን ሰው ለዘላለም ረሃብተኛ አድርጎ ያስቀምጠዋል። የባቲን የሰኞ ገበያ፣ የሰንበቴን የእሁድ ገበያ፣ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራውና አርጎባው በአንድ ሜዳ የሚገበያዩበትን ቀን ማንም በሁለት ደቂቃ ፊልም ውስጥ አያስገባውም። በበጋ ወራት ከየአቅጣጫው ከብቱን ወደ ጨፋ የሚነዳው አርብቶ አደር፣ ለቅሶ የሚደርሰው ጎረቤት፣ ሦስተኛው ቡና እስኪፈላ የሚጠብቅ እንግዳ፣ እነዚህም የሰው ልጅ ታሪክ ናቸው። የሰው ዘመን አብዛኛው የሚያልፈው በእንዲህ ያለ ቀን ነው።

የጎረቤትን ክፉ ቀን ብቻ መቁረጥ

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ቅንብር ሲባል የሩቅ አገር ሰው የሠራው ስለ ዳይኖሰርና ስለ ጨረቃ የሚያወራው ብቻ አይደለም። «የሕዝባችን ታሪክ» ተብሎ በእጃችን ላይ የሚደርሰው ቅንብርም አለ።

በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢዋ፣ በሰሜን ሸዋና በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን በሚጎራበቱ ቦታዎች የደረሰውን ግጭት ሁላችንም እናስታውሳለን። ሰው ሞቷል፣ ቤት ተቃጥሏል፣ ብዙ ሺህ ሕዝብ ተፈናቅሏል። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ደሴን፣ ኮምቦልቻንና ከሚሴን ደረሰ። በእንዲህ ያለ ጊዜ የተቃጠለ ቤት፣ የሚያለቅስ እናት፣ የታጠቀ ሰው ምስል ከአሳዛኝ ሙዚቃ ጋር ተቀናብሮ ይሰራጫል። ሁለቱም ወገን የራሱን እንባ ያሳያል፤ የሌላውን ግን አያሳይም። እንዲያውም አንዳንዱ ምስል ከሌላ ዓመትና ከሌላ ቦታ የተወሰደ ሊሆን ይችላል።

ይህ ፊልም የሰውን ልጅ በሦስት ሚሊዮን ዓመት ከሚለካው ይልቅ ለነፍሳችን አደገኛ ነው። ያኛው ምናልባት እምነታችንን ይፈትን ይሆናል፤ ይህኛው ፍቅራችንን ይገድላል። በከሚሴ ገበያ ትናንት ጤፍ የሸጠላችሁን ሰው፣ የክርስቲያን ወይም የሙስሊም፣ የአማራ ወይም የኦሮሞ መሆኑን ብቻ እንድታዩ ያደርጋችኋል። እርሱ ራሱ የራሱን ቤት ያጣ ይሁን፣ እናንተን ለማትረፍ በር የከፈተ ይሁን ቁራጩ አይነግራችሁም።

በወሎ አገር ለዚህ የሚሆን የቆየ ጥበብ አለ። ደም የፈሰሰበትን ነገር የሚያስታርቁት አባጋሮች ነገሩን የሚይዙት ሁለቱንም ወገን አስቀምጠው በማነጋገር ነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚባለውም ለዚህ ነው። መጽሐፍ ቅዱስም በምሳሌ 18፥17 ያንኑ ያስተምራል፤ በክርክር መጀመሪያ የተናገረው ሰው ባልንጀራው መጥቶ እስኪመረምረው ድረስ ጻድቅ ይመስላል። ቅንብር ፊልም ሁልጊዜ መጀመሪያ ብቻ የሚናገር ከሳሽ ነው። ባልንጀራው መልስ የሚሰጥበት ደቂቃ በውስጡ የለም።

መጽሐፍ ቅዱስስ አይመርጥም?

አንድ ወጣት «መጽሐፍ ቅዱስም እኮ የሰውን ልጅ ታሪክ አሳጥሮ ነው የሚነግረን» ቢላችሁ እውነቱን ነው፤ አትቆጡት። መጽሐፍ ቅዱስም ይመርጣል። ሐዋርያው ዮሐንስ ኢየሱስ ያደረገው ሌላ ብዙ ነገር እንዳለና እንዳልተጻፈ በግልጽ ይናገራል (ዮሐ. 20፥30፤ 21፥25)። ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? ሦስት ነገሮችን እንመልከት።

አንደኛ፦ መጽሐፍ ቅዱስ ለምን እንደመረጠ አይደብቅም። ዮሐንስ የጻፍኩት እንድታምኑና ሕይወት እንድታገኙ ነው ብሎ ዓላማውን ፊት ለፊት ያስቀምጣል (ዮሐ. 20፥31)። አንባቢው ተስማምቶ ወይም ሳይስማማ ሊፈርድ ይችላል። ሙዚቃው እየገፋው ሳያውቅ ወደ አንድ ስሜት አይወሰድም።

ሁለተኛ፦ የራሱን ወገን ኃጢአት ቆርጦ አይጥልም። ነህምያ ምዕራፍ 9ን አንብቡ። ሌዋውያን በአንድ ጸሎት ውስጥ ከሰማይና ከምድር ፍጥረት ጀምረው፣ አብርሃምን፣ ግብፅን፣ ባሕሩን፣ ምድረ በዳውን፣ ነገሥታቱንና ምርኮውን ያልፋሉ። ይህ ጮክ ተብሎ ቢነበብ ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚወስድ የታሪክ ቅንብር ነው። ነገር ግን ሲጨርሱ የሚከሱት ማንን ነው? ግብፃውያንን ወይም ባቢሎናውያንን አይደለም። እግዚአብሔር ጻድቅ እንደሆነ፣ ክፉ ያደረጉት እነርሱ ራሳቸው እንደሆኑ ይናዘዛሉ (ነህ. 9፥33)። የራሱን ሕዝብ ታሪክ በእንዲህ ያለ ንስሐ የሚጨርስ ቅንብር ስንት ጊዜ በስልካችሁ ደርሷችኋል?

ሦስተኛ፦ ትንሹን ሰው በስሙ ያስቀምጣል። ሉቃስ በምዕራፍ 3 የኢየሱስን የትውልድ ሐረግ ከሰባ በላይ በሆኑ ስሞች እስከ አዳም፣ ከአዳምም እስከ እግዚአብሔር ይወስደዋል። ይህም የሰው ልጅ ታሪክ ባጭሩ ነው። ከእነዚያ ሰዎች ብዙዎቹ ምን እንደሠሩ አናውቅም፤ ሐውልት የላቸውም፣ ጦርነት አላሸነፉም፣ ጨረቃ ላይ አልወጡም። ስማቸው ግን አልተቆረጠም። የሁለት ደቂቃው ፊልም ጀግናና ሰማዕት፣ ንጉሥና ገዳይ ብቻ ይፈልጋል። እግዚአብሔር ግን የማናውቀውን ሰው ስም ጠብቆ በልጁ የትውልድ መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። ከዚህም በላይ የታሪኩ ባለቤት ከሩቅ ሆኖ አልተመለከተም፤ ራሱ ሥጋ ለብሶ ወደ ታሪኩ ገባ፤ ተራበ፣ ደከመ፣ ሞተ፣ ተነሣ።

በነገራችን ላይ ከሉቃስ ወንጌል የተወሰደውና በ1979 እ.ኤ.አ. የተሠራው «ኢየሱስ» የተባለው ፊልም አማርኛንና አፋን ኦሮሞን ጨምሮ ከ2,000 በሚበልጡ ቋንቋዎች ተተርጉሟል። ብዙዎቻችን በአደባባይ በተዘረጋ ነጭ ጨርቅ ላይ ተመልክተነዋል። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ፊልምን የምትፈራ አይደለችም። የሚያስፈልገው የተመልካች ማስተዋል ነው።

ምን እናድርግ?

ለወላጆች፣ ለወጣት መሪዎችና ለእያንዳንዱ አማኝ የሚጠቅሙ ጥቂት ተግባራዊ ምክሮችን ላስቀምጥ።

1. አብራችሁ ተመልከቱ። ስልኩን ከመቀማት ይልቅ ከልጃችሁ ጋር ተቀመጡና ፊልሙን ሁለት ጊዜ እዩት፤ አንድ ጊዜ ከነሙዚቃው፣ አንድ ጊዜ ድምፁን አጥፍታችሁ። በሁለቱ መካከል ምን ልዩነት እንደተሰማው ጠይቁት። ምስሉ የተናገረውንና ሙዚቃው የተናገረውን መለየት የሚጀምረው ያኔ ነው።

2. «ማን ቆረጠው? ምንስ ተወ?» ብላችሁ ጠይቁ። በፊልሙ ውስጥ ስንት ጦርነት፣ ስንት ሠርግ አለ? ስንት ንጉሥ፣ ስንት እናት አለ? አፍሪካ በስንተኛው ሰከንድ ትታያለች፤ በምን መልክ? ልጆች ይህንን መቁጠር ይወዳሉ፤ ቆጠራውም ከስብከት ይልቅ ያስተምራቸዋል።

3. የተገኘውን ከተገመተው ለዩ። ስለ ድንቅነሽ ጥያቄ ያለው ወጣት ካለ አታሳፍሩት። አጥንቱን አዲስ አበባ በብሔራዊ ሙዚየም ስላለ ግኝት አድርጋችሁ፣ ፊቱን የሠዓሊ ሥራ አድርጋችሁ ንገሩት። መልስ ከሌላችሁ አብራችሁ አንብቡ። ጥያቄውን በቤተ ክርስቲያን መጠየቅ ያልቻለ ልጅ ሌላ ቦታ ይጠይቀዋል።

4. ግጭትን የሚያሳይ ቅንብር ሲደርሳችሁ አታስተላልፉ። መቼ፣ የት፣ በማን እንደተቀረጸ ካላወቃችሁ፣ በእጃችሁ ያለው የማታውቁት ምስክር ነው። በሐሰት አትመስክር የሚለው ትእዛዝ (ዘጸ. 20፥16) በአንደበት ብቻ ሳይሆን ስልክ በሚነካው ጣትም ይፈጸማል ወይም ይሻራል።

5. ከሙስሊም ጎረቤቶቻችሁ ጋር ተነጋገሩበት። በከሚሴና በዙሪያዋ አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም ነው፤ እነርሱም የአዳም ልጆች መሆናችንን ያምናሉ። ሰው ከንቱ ጥቅሻ ነው የሚለው ፊልም የእነርሱንም ልጆች ይደርሳቸዋል። ጳውሎስ በአቴና አደባባይ ሲናገር እግዚአብሔር የሰውን ወገን ሁሉ ከአንድ እንደፈጠረ በማንሳት ነበር የቀረበው (ሐዋ. 17፥26)። ወንጌልን በምንመሰክርበት አገር የጋራ ወንድማማችነትን መመስከርም ይጠበቅብናል።

6. የራሳችሁን አካባቢ ታሪክ ቅረጹ። ወጣቶቻችሁ የፊልም ፍላጎት ካላቸው፣ ፈቃድ ጠይቀው አያቶችን ያናግሩ፤ በ1966ቱና በ1977ቱ ረሃብ ማን ማንን እንዳበላ፣ በግጭቱ ቀን ማን ማንን እንደሸሸገ ይጠይቁ። ሲያቀናብሩም የሌላውን ወገን መልካም ሥራ አይቁረጡ። ቆርጦ መቀጠልን በእጁ የሞከረ ልጅ፣ ሌላው የቆረጠውን በቀላሉ አያምንም።

የተወደዳችሁ ወገኖች፣ ዛሬ በከሚሴ አውቶቡስ ላይ የተቀመጠው ወጣት ነገም ሌላ ቪዲዮ ይደርሰዋል፤ ይህንን ልናስቀር አንችልም። ልናደርግ የምንችለው ሙዚቃው ጸጥ ሲል የሚጠይቀው ሰው እንዲያገኝ ማድረግ ነው። «ይሄ ሁሉ እውነት ነው ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ በትዕግሥት የሚመልስ አባት፣ እናት ወይም ሽማግሌ ከጎኑ ይኑር። ጎረቤቱን ከሚከስ ቅንብር በፊት ጎረቤቱን ራሱን ያውቀው።

ማስተዋልን የሚሰጥ ጌታ ከሁላችን ጋር ይሁን፤ ለምድራችንም ሰላሙን ያብዛ። አሜን።